ተክል መቼም ጾም ነው

ቱዜላ የሚባል ተክል አለ። ምድር ላይ አይበቅልም። የሚበቅለው ሁለት ፀሐይ በሚወጣበት ሌላ ዓለም ነው፤ ያንን ዓለም የፈጠረው ደግሞ ናቲ የሚባል የጅማ፣ የቦሳ ኪቶ ሰፈር ልጅ ነው። ቱዜላ ቅርንጫፍ የለውም። ክንድ የሚያህል ወፍራም ግንድ ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ተጨበጠ እጅ የተዘጋ እምቡጥ አለው። እምቡጡን ሲፈለቅቁት ሰባት ነጫጭ ክፋዮች ይከፈቱና ከመሃላቸው ቀይ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። የሚበላው ያ ነው። እኔ ይህን ተክል በእጄ በሁለት መንገድ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ሊያዋርደኝ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው አደረገኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መንደራ ቆጪ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ጅማ ውስጥ አንድ ኬክ ቤት ጓሮ ሊጥ የምመታ ሴት ነበርኩ። ሊጥ የምመታ ተባልኩ እንጂ የሠርግ ኬክ ላይ የሚታየውን አበባ፣ ወፍ፣ ሙሽራና ሙሽሪት ሁሉ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ደንበኛ ሲያደንቅ ግን ዋናው ኬክ ሠሪያችን ከፊት ወጥቶ "አመሰግናለሁ" ይላል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። ነገር የማልረሳ ሰው ስለሆንኩ እያንዳንዷን "አመሰግናለሁ" ይዣታለሁ።

አንድ ቀን ናቲ የእህቱን የልደት ኬክ ሊወስድ መጣ። ኬኩ ላይ የሠራሁትን አበባ ትክ ብሎ አየና "ይሄ አበባ የት ነው የሚገኘው?" አለ። ዋናው ሰውዬ ለጉዳይ ወጥቷል። "የትም አይገኝም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት" አልኩት። እንዲህ ተዋወቅን። ናቲ ከጓደኞቹ ጋር አጭር ፊልም እየሠራ ነበር፤ ከተማችን ውስጥ ለሚካሄድ የወጣቶች ውድድር። ታሪኩ ከጅማ ተነሥተው ሌላ ዓለም ላይ ስለ ወረዱ መንገደኞች ነው። ስንቃቸው አልቆ በረሃብ ሊያልቁ ሲሉ ያልታወቀ ተክል ያገኛሉ። ሽማግሌው ካፒቴን "መርዝ ከሆነ እኔ ልሙት" ብለው ቀድመው ይቀምሱታል። ናቲ ይህን ትዕይንት ሳያቋርጥ በአንድ ትንፋሽ መቅረጽ ፈልጓል፤ ካፒቴኑ ከመሬት ይነቅላሉ፣ ይፈለቅቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይውጣሉ፣ ከዚያ "ይበላል" ይላሉ። ስለዚህ ተክሉ ምግብ የማይመስል እውነተኛ ምግብ መሆን አለበት። "ስምሽ መጨረሻው ላይ ለብቻው ይጻፋል" አለኝ። ሌላ ምንም ባይለኝም እሠራለት ነበር።

ካፒቴኑን የሚጫወቱት ጋሽ ግርማ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። በረመዳን፣ እኛ ሙስሊም ተማሪዎች ጾመን ስንውል፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ሲያስረዱ ውለው፣ የውሃ ኮዳቸውን ጠረጴዛው ላይ እንኳ አያወጡትም ነበር። አንድ ልጅ "ይጠጡ እንጂ ጋሼ" ሲላቸው "እቤቴ ውሃ ሞልቷል" ብለው አለፉት።

እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ነኝ ባይ ነኝ። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ስለሆኑ ጾማቸውን እንደ ራሴ አውቀዋለሁ ብዬ አምናለሁ። ናቲ ቀረጻው ረቡዕ ይሁን ሲል "ሆሆ፣ ጋሽ ግርማ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ ሐሙስ አድርገው" ያልኩት እኔ ነኝ። በብልህነቴ ደረቴን ነፍቼ ረቡዕ ማታ ሦስት ቱዜላ ሠራሁ። ለቅርጽ የሚመች ሊጥ የምሠራው በቅቤና በዱቄት ወተት ነው፤ እጅ ላይ ይታዘዛል፣ ይለሰልሳል። ነጭ ቀለም በስሱ ቀባሁትና ውስጡን በቀይ ማርማላታ ሞላሁት። አምሮ ነበር። ብዋሽ ምን አገኛለሁ፣ በጣም አምሮ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ካርቶኔን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወደ አጋሮ ሄድን። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ በየግቢው ቡና ተሰጥቷል፣ ጫካው ውስጥ ዛፉ ሁሉ ቀይ ፍሬ ተሸክሟል። ከአጋሮ በባጃጅ ገባ ብሎ የናቲ ዘመድ የሆኑ ሰዎች የቡና ይዞታ አለ። ናቲ የመረጠው ቦታ ከቤታቸው ጀርባ ነው፤ ከጥላ ዛፎቹ ሥር ፀሐይ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ አግድም ስትገባ ቦታው ሌላ ዓለም ይመስላል። ያቺ ብርሃን የምትቆየው ግማሽ ሰዓት ነው። ካሜራው የውሰት ነው፣ ነገ ጠዋት ይመለሳል። ዛሬ ካልሆነ የለም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የቤቱ እመቤት፣ አዴ ሐሊማ እያልን የምንጠራቸው፣ ምሳ አቀረቡልን። ቆጮ በቅቤ፣ ጎመን፣ ቅል ሙሉ እርጎ። የተራበ ሁሉ ተረባረበ። ጋሽ ግርማ ብቻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እግዜር ይስጥልኝ፣ አልበላም" አሉ። አዴ ሐሊማ እንግዳ ጦሙን ሊውል ነው ብለው ተጨነቁ። በኦሮምኛ ለመኗቸው፣ በአማርኛ ለመኗቸው። ጋሽ ግርማም ሌላው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጽጌን ይዣለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አልቀምስም" አሏቸው።

አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። በቅቤ የራሰውን ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩት።

ለማታውቁ ላስረዳ። የጽጌ ጾም እንደ ዐቢዩ ጾም ሁሉም ሰው የሚጾመው አይደለም። የፈቃድ ነው። የያዘ ሰው ዝም ብሎ ይይዘዋል፣ ጎረቤቱ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሐሙስ ይሁን ዓርብ ልዩነት የለውም፤ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ጾማቸውን እንደ ራሴ አውቀዋለሁ ያልኩት እኔ ጽጌን ረስቻታለሁ።

ጋሽ ግርማ ዞር ሲሉ ፊቴን አዩት መሰለኝ ፈገግ አሉ። "አይዞሽ ሰሚራ ልጄ፣ የተራበ ሰው መምሰል አይከብደኝም። ዛሬ መጀመሪያ የምቀምሰው ያንቺን ቱዜላ ነው። ተክል መቼም ጾም ነው።"

እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልኩላቸው።

ወጥቼ ናቲን ወደ ጓሮ ጎተትኩትና ነገርኩት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ለማንም ተናግሬ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አልተናገርኩም። ከዚያም፣

"ምን ያህል ቅቤ ነው?" አለኝ።

"ናቲ!"

"እየጠየቅኩሽ ነው። ይታወቃል ወይ ሲቀመስ?"

"አይታወቅም።"

"እንግዲያው ዝም በይ። እሳቸው ካላወቁ ኃጢአቱ የኛ ነው፣ የሳቸው አይደለም። ሌላ ተዋናይ እንዳላመጣ፣ እስካሁን የተቀረጸው ሁሉ በሳቸው ነው። ነገርሻቸው ማለት ፊልሙ ቀረ ማለት ነው። ስምሽም ቀረ።"

ናቲ ክፉ ልጅ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር ነው። እኔም ከሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ይህን የምጽፈው ራሴን ላመሰግን አይደለምና እውነቱን ልንገራችሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም አልኩ። ከካርቶኔ አጠገብ ተቀምጬ ስሜ ነጭ ሆኖ ጥቁር ላይ ሲጻፍ እያየሁ ነበር። ዋናው ኬክ ሠሪያችን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሲያነበውም አየሁ። ትንሽ ቅቤ ነው አልኩ። የሌላ ሃይማኖት ጾም ነው፣ እኔን ምን አገባኝ አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያንን የውሃ ኮዳ ያየሁት እኔ።

ኮዳው ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ጆሮዬ ጋለ። ተነሣሁ፣ ካርቶኑን ከፈትኩና ሦስቱንም ቱዜላ ለዶሮዎቹ በተንኳቸው። ሐሳቤን እንዳልቀይር ነው እንዲያ የፈጠንኩት። ናቲ ከሩቅ አይቶኝ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዶሮዎቹ ግን በጣም ደስ አላቸው።

ወጥ ቤት ገባሁና ለአዴ ሐሊማ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። ከአሥር ተኩል በፊት ከሌላ ዓለም የመጣ ተክል መሥራት አለብኝ፤ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ይሳለቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መቀነታቸውን አጠበቁና "ረኮ ህንቀቡ" አሉኝ፣ ችግር የለም ማለታቸው ነው። "ጾም የያዘ ሰው ከቤቴ ጾሙ ተበላሽቶ አይወጣም፣ ኢንሻአላህ። ምን ይሁንልሽ?"

"ነጭ የሆነ፣ ቅርጽ የሚይዝ ነገር።"

ከጓሮ ቦዬ ቆፈርን። ቦዬ ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፣ ሲቀቀል እንደ ዳቦ ውስጥ ይነጣል። ድስት አንሥቼ ልጥድ ስል አዴ ሐሊማ እጄን ያዙኝ። "እሱ አይሆንም። ያ ድስት ቅቤ ያውቃል።" ከገበያ የገዙትን፣ ገና እሳት ያላየ የሸክላ ድስት ከጓዳ አወጡ። ማማሰያውንም አዲስ ከእንጨት ጠረቡልኝ። እኔ ቅርጽና ቀለም ሳስብ እሳቸው ድስቱ ቅቤ ማወቅ አለማወቁን ያስቡ ነበር። እንባዬ መጣ፣ ጭሱ ነው ብዬ አሳበብኩ።

ቦዬውን ቀቅዬ፣ ደቁሼ፣ እምቡጥ ሠራሁ። አማረ። ወደ ኋላ ሄጄ ልየው ስል ሰባቱም ክፋዮች አንድ በአንድ ተዘርረው ወደቁ። ደግሜ ሠራሁ፤ ደግሞ ወደቀ። ቦዬ ያለ ቅቤ ይፈረፈራል፣ እርስ በርሱ አይያያዝም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ናቲ በር ላይ መጥቶ የእጅ ሰዓቱን አሳየኝና ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጄ እስከ ክርኔ ተለጣጥፎ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ አበቃ፣ ነገሩ አበቃ ብዬ።

አዴ ሐሊማ የተፈረፈረውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። "እናትሽ ቡላ አብልታሽ አታውቅም?" አሉኝ።

ቡላ! ከእንሰት የሚጣራው ነጭ ዱቄት። ስንቴ በልቼዋለሁ፤ ገንፎው ሲበርድ እንዴት እንደሚለጠጥ፣ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ አውቃለሁ። ግን የቤታችን ምግብ ስለሆነ ለኬክ ሠሪ እጄ አስቤው አላውቅም። የተረፈቻቸውን አንዲት ጭልፋ ቡላ በውሃ በጥብጬ አበሰልኩና ትኩሱን ከቦዬው ጋር አቦካሁት። እጄ ላይ ሲገባ ወዲያው ታወቀኝ። ይታዘዛል። ይለጠጣል። በቅቤ የሠራሁት ሊጥ ከኬክ ወዲያ አያልፍም ነበር፤ ይሄ ግን ሥጋ ያለው ነው፣ ብርሃን ውስጡ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሮጥኩት ሩጫ! ከዛፉ ቀይ የቡና ፍሬ ለቅሜ ልጣጩን ከጫካ ማር ጋር አፈላሁት፤ ወፍራም፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ሆኖ ወጣ። ኮረሪማ ወቅጬ ጣል አደረግሁበት። ግንዱን የሠራሁት ከእንሰት ግንድ ነው፤ እሱ አይበላም። ቡላው የበቃው ለአንድ እምቡጥ ብቻ ነበር። አንድ ቱዜላ። ሁለተኛ ሙከራ የለም።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በሰፌድ ይዤው ወጣሁ። ጋሽ ግርማ የካፒቴን ልብሳቸውን ለብሰው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ከመቅረጻችን በፊት ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅቤውን፣ ፈገግታዬን፣ ግማሽ ሰዓቷንም ጭምር። ናቲ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ግርማ ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

"ይሄኛውስ ምንድነው?" አሉ።

"ቦዬ፣ ቡላ፣ ማር፣ የቡና ፍሬ።"

"ድስቱስ?"

"አዲስ ነው ጋሼ። አዴ ሐሊማ ከጓዳ አውጥተው ነው የሰጡኝ።"

ወደ ወጥ ቤቱ በር አዩ። አዴ ሐሊማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ጋሽ ግርማ ተነሥተው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው። ወደ እኔ ሲመለሱ ዓይናቸው ረጥቧል። "ግማሽ ሰዓቷን ባትነግሪኝም ማን ያውቅብሽ ነበር?" አሉኝ። ከዚያ ወደ ናቲ ዞረው፣ "በል ልጄ፣ ፀሐይዋ አትጠብቀንም፣ እኔም እርቦኛል" አሉ።

ብርሃኑ ገባ። ናቲ ካሜራውን ከፈተ። ጋሽ ግርማ እየተንገዳገዱ መጡ፣ ተንበረከኩ፣ ቱዜላውን ከነግንዱ ነቀሉ። እምቡጡን ፈለቀቁ። ክፋዩ ተለጠጠ፣ ቀጠነ፣ ፀሐይዋ በውስጡ አለፈች፣ ከዚያ ብጥስ አለ። ቀዩ ፈሳሽ በእጃቸው አንጓ ላይ ወረደ። አፋቸው ውስጥ ከተቱት። አኘኩ፣ ዋጡ። "ይበላል" ማለት ነበረባቸው። አላሉም። ሁለተኛውን ክፋይ ቆርሰው በሉ። ሦስተኛውን። አበላላቸው ከትናንት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ሰው አበላል ነው፣ ትወና አይደለም። አራተኛውን አፋቸው ጋ አድርሰው ቆም አሉና ወደ ሰማይ ቀና ብለው በኦሮምኛ፣ በቀስታ፣

"ኒ ሚኣዋ" አሉ።

ይጣፍጣል ማለት ነው። ድርሰቱ ላይ እንዲህ የሚል ቃል አልነበረም። ናቲ "ቁረጥ" ማለት ረስቶ ፀሐይዋ ከዛፎቹ ሥር እስክትጠፋ ድረስ ካሜራው መቅረጹን ቀጠለ። ጋሽ ግርማም ሰባቱንም ክፋይ ጨረሱ። ከዚያ ናቲ መጥቶ እኔን ከመሬት አንሥቶ አሽከረከረኝ፣ አዴ ሐሊማ እልል አሉ፣ እኔም ካለቀስኩ በኋላ ነው እየሳቅኩ እንደሆነ ያወቅሁት።

ፊልሙ የታየ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ያቺ ትዕይንት ስትደርስ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ጋሽ ግርማ "ኒ ሚኣዋ" ሲሉ ግን ሕዝቡ በጭብጨባ ፈነዳ፤ ሌላ ዓለም ላይ የወረደው ሰው የጅማ ሰው መሆኑን ያኔ አመነ መሰለኝ። ከዚያ ጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ "ቱዜላን የሠራችው ሰሚራ።" ለብቻው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጎኗን ነካ አድርጌ "ያ እኔ ነኝ" አልኳት። አንደኛ ወጣን። ጥያቄና መልስ ላይ አንድ የበቾ ቦሬ ገበሬ ተነሥቶ ለዳይሬክተሩ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ "ያ ተክል ችግኙ የት ነው የሚሸጠው?" አለ። ሰው ሳቀ፣ እሱ ግን የምሩን ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ የበለጠ ሽልማት አልተሸለምኩም። ዋናው ኬክ ሠሪያችንም እዚያ ነበር፤ ሲወጣ "ጎበዝ" አለኝ። "አመሰግናለሁ" አልኩት። ስንት ጊዜ የእኔን ቃል ሲል እንደኖረ አስቡትና ደስታዬን ገምቱ።

አሁን በቾ ቦሬ የራሴ ኬክ ቤት አለኝ። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለኒካ የሚሆን ነገር እሠራለሁ። ሰው በብዛት የሚያዘው ቱዜላን ነው፤ በቦዬና በቡላ፣ ምንጊዜም ቅቤ በማያውቅ ድስት።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ስማችሁ የማይጠራላችሁም ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ያን ቀን ስሜን ለማዳን ብዬ ዝም ብል ኖሮ ፊልሙ ይሠራ ነበር። ስሜም ይጻፍ ነበር። ተክሉ ግን ኬክ ይሆን ነበር፤ እኔም ከመጋረጃው ፊት ቆሞ በሰው ላብ "አመሰግናለሁ" ከሚለው ሰው በምን እለይ ነበር? እጄ የሚችለውን ያወቅሁት ቅቤዬን ለዶሮ ከሰጠሁ በኋላ ነው። ደግሞ ያቺን ግማሽ ሰዓት አልረሳትም፤ እንድረሳትም አልፈልግም።

ደንበኞቼ ሁሉ ገና ከመቀመጣቸው ይጠይቁኛል፤ "ሰሚራ፣ ይሄ ጾም ነው?" ትክክል ናቸው፣ መጠየቅ አለባቸው፣ እኔም ሳልሰለች እመልሳለሁ። ጥቅምት በገባ ቁጥር ጋሽ ግርማ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይመጣሉ። ጥጓ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሳህኑን አስቀምጥላቸዋለሁ፣ አማትበው ይቆርሳሉ። ይኸው ስንት ዓመት፣ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።